የሀብሩን የውሃ ሌባ ፍለጋ

ወደ ወልድያና ወደ መርሳ የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም። አገር ለማየት የሚወጣ ሰው በሰባ አንድ ዓመቱ ከባድ የእጅ ፓምፕና የግፊት ጌጅ በቦርሳ ተሸክሞ አይወጣም። የሄድኩት አንድ ሰው በሐሰት ሌባ ሊባል ስለነበር ነው። የመሰከረበት ደግሞ ሰው አልነበረም፤ መሣሪያ ነበር። እንዲህ ያለውን ምስክር ማፍረስ የሚችል ሰው በአገራችን ስንት እንዳለ አላውቅም፤ አንዱ ግን እኔ ነኝ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አዋሽ ዳር ባለ ስኳር ፋብሪካ በቅባት ቀቢነት ገባሁ፤ ፈረንጆቹ የጣሉትን የመሣሪያ መጽሐፍ ከቆሻሻ እየለቀምኩ፣ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ የግፊት መለኪያ ሥራን ብቻዬን ተማርኩ። ጡረታ ስወጣ ዲግሪ ያላቸው ልጆች ችግር ሲገጥማቸው አዳማ ድረስ ቤቴ ይመጡ ነበር። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

አዳማ ጎረቤቴ የሆነችው ወይዘሮ ዘሀራ መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ልጅ ናት። አንድ ቀን ዓይኗ አብጦ መጣች። ወንድሟ እንድሪስ ከመርሳ በላይ ባለ አንድ መንደር የውሃ መስመር ጠባቂ ነው። ከተራራው ምንጭ የሚወርደውን ቧንቧ በተወሰነ ሰዓት ለመንደሩ ታንከር ይከፍታል፣ ከዚያ ይዘጋል። መለኪያው ግን በተዘጋው ሰዓትም ውሃ እንደሚያልፍ ይመዘግባል። ውሃው ታንከር ካልገባ የት ገባ? ከቧንቧው አጠገብ የእንድሪስ አማች የማንጎ ማሳ አለ፤ ጭቃ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራውም መውጫ ወደዚያ ይመለከታል። ስለዚህ ሌባው እንድሪስ ነው ተባለ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አውጫጭኝ፣ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛ የሚያወጣበት ሸንጎ፣ ተጠርቷል፤ ጥፋተኛ ከተባለ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ቅሬውንም ያጣል አለችኝ። ቅሬ እኛ እድር የምንለው ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳው ቤቱ ይቀራል።

መለኪያው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቅኋት። በስልክ ፎቶ አስልካ አሳየችኝ። ሳየው ሳቅኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ማክሰኞ

አዲስ አበባ አድሬ በማለዳው አውቶቡስ ወጣሁ። ወንበሬ ከጎማው በላይ ነበር፤ ጉልበቴ አገጬ ሥር ገብቶ ነው ደሴ የደረስኩት። ወንበር እንዲቀየርልኝ ረዳቱን ብጠይቀው፣ “አባባ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ነው የሚደርሰው” አለኝ። ይህን ዓይነት መልስ በእኔ ዘመን ፋብሪካ ውስጥ የሰጠ ሰው በማግሥቱ ሥራ አልነበረውም።

ከሸዋ ሮቢት አልፈን አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፈተ። የእጅ ፓምፑን ከነጌጁና ከነቱቦው ሲያይ ወደ ኋላ ሸሸ። ሁላችንም ወረድን። ይህ ግፊት የሚሰጥ ፓምፕ እንጂ ሌላ እንዳልሆነ አስረዳሁ፤ ቃሌን ማመን ስላልፈለገ ቱቦውን በአውራ ጣቴ ደፍኜ ፓምፑን ጫን አደረግኩለት፤ የጌጁ ቀስት ተነሣ። ፈታሹ ለረጅም ጊዜ አየውና የብስክሌት ጎማ ይነፋ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይነፋል አልኩት። እሱን ነበር መጀመሪያ የሚሉት ብሎ ለቀቀን። ተሳፋሪው ሁሉ በእኔ ምክንያት ፀሐይ ላይ መቆሙን እያነሣ አጉረመረመ፤ አጠገቤ የነበረች የከሚሴ ሴት ብቻ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ብርቱካኑ ከእኛ አገሩ ይጣፍጣል። ማመን አለብኝ።

ደሴ ብርድ ነው። አዳማ በሸሚዝ የምናድርበት ወር ደሴ ሁለት ብርድ ልብስ ያስጠይቃል፤ የሰጡኝ አንድ ነው።

ረቡዕ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ሄድኩ። ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን አልፈን መርሳ ስንደርስ መውረድ አምሮኝ ነበር፤ መንገዱ ዳር ፓፓያና ማንጎ ተከምሯል፣ ሙቀቱም አዳማን ይመስላል። ነገር ግን መለኪያውን የሚቆጣጠረው ቢሮ ወልድያ ነው፤ ሳላስፈቅድ ብነካው ሌላ ክስ ይሆናል። ሲሪንቃ ላይ አንድ የምርምር ጣቢያ ሠራተኛ ተሳፈረ። የምሄድበትን ስነግረው ሰምቶ፣ ወልድያ ስንደርስ ቦርሳዬን ተሸክሞ ሆቴል ድረስ አደረሰኝ። ወልድያ ከተማው ዳገት ነው፤ እኛ አዳማ ሜዳ ላይ የኖርን ሰዎች እዚያ ብናረጅ ኖሮ ጉልበታችን ገና በሃምሳችን ያልቅ ነበር።

በሆቴሉ ውሃ አልነበረም። የውሃ መለኪያ ለማረም የመጣሁ ሰው ፊቴን በአንድ ጆግ ታጠብኩ። አስተናጋጇ አፍራ ከጎረቤት አንድ ባልዲ አምጥታ በሬ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ስሟን አልጠየቅኋትም፤ አሁን ይቆጨኛል።

ቢሮው ውስጥ ያገኘሁት ወጣት ኢንጂነር ዮናስ ይባላል። ትሑት ልጅ ነው፤ ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ። ወንበር ሰጠኝ፣ አንቱ አለኝ፣ ከዚያ የምስክር ወረቀት አወጣ። መሣሪያውን እሱ ራሱ በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ፈትሾታል። ዜሮው ዜሮ ነው፣ ግማሹ ግማሽ፣ ሙሉው ሙሉ። ማኅተም አለው። ከጠረጴዛው ተነሥቶ መስመሩ ላይ ሲገጠምም በሽቦና በእርሳስ ታሽጓል።

“በስንት የመስመር ግፊት ነው የፈተሽከው?” አልኩት።

ወረቀቱን አገላበጠ። እንዲህ የሚል ሣጥን በቅጹ ላይ የለም አለኝ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ እንዳይጠፋብኝ ነገሩን በሚዛን ላስረዳ። ይህ መለኪያ ሁለት ጆሮ አለው። ቧንቧው ውስጥ መሐሉ የተበሳ ሳህን አለ፤ አንዱ ጆሮ ከሳህኑ በፊት ያለውን ግፊት ይሰማል፣ ሌላው ከሳህኑ በኋላ ያለውን። ውሃ ሲያልፍ በሁለቱ መካከል ትንሽ ልዩነት ይፈጠራል፤ ከልዩነቱ ስንት ሊትር እንዳለፈ ይሰላል። ልዩነቱ ቢበዛ የአንድ ባር ሩብ ነው። ነገር ግን ውሃው ከተራራ ስለሚወርድ ሁለቱም ጆሮዎች ላይ ሠላሳ ባር ተጭኗል፤ ይህ የከባድ መኪና ጎማ ግፊት አራት እጥፍ ያህል ነው። አሁን የነጋዴ ሚዛን አስቡ። ባዶውን ሲታይ ልክ ነው። በሁለቱም በኩል እኩል ኩንታል ብትጭኑበት ግን ብረቱ ትንሽ ይጎብጣል፣ ወደ አንድ ወገንም ያዘነብላል። በዚያ ላይ እፍኝ ቅመም መዝን ብትሉት ይዋሻል። ሚዛኑን መፈተሽ ያለባችሁ ኩንታሉ እንደተጫነ ነው። ዮናስ የፈተሸው ባዶውን ነው።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ሰማኝ። ከዚያ የትምህርት ማስረጃዬን ጠየቀኝ፤ እሱ ሳይሆን አለቃው እንደሚጠይቁት ጨምሮ። ጠረጴዛውን ልመታው እጄን አንሥቼ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁበት ቦይለር ማስረጃዬን ጠይቆኝ አያውቅም።

በመጨረሻ አለቃው የፈቀዱት ይህን ነው፦ የታሸገውን ሣጥን እንዳልከፍት፤ ከሥሩ ያሉትን ሦስት ትንንሽ ቫልቮች ግን ጠባቂው ባለበት ብነካ እንደማይቃወሙ። ዮናስም ዓርብ በአውጫጭኙ ላይ ወረቀቱን ይዞ ይገኛል። ለእኔ ቫልቮቹ በቂ ናቸው። እንዲያውም ከበቂ በላይ።

ሐሙስ

እንድሪስ መርሳ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ጢሙ የሸበተ፣ ሲናገር ጫማውን የሚያይ ሰው ነው። እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከልኩት። የመንደሩን መንገድ በባጃጅ ግማሹን፣ በእግር ግማሹን ሄድን። ሰው ሲያገኘን ለእኔ “አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ዋሉ አባቴ” ይላል፤ ለእንድሪስ ግን አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ወሎ ውስጥ ሰላምታ ማሳጠር ስድብ እንደሆነ ለማወቅ የአገሩ ተወላጅ መሆን አያስፈልግም። አዳማ ብንሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ጣቢያው አንዲት ቆርቆሮ ቤት ናት። ዋናው ቫልቭ ተዘግቷል። መለኪያው በሰከንድ ሁለት ነጥብ አራት ሊትር እያለፈ ነው ይላል። ጆሮዬን ቧንቧው ላይ አደረግኩ፤ ጸጥታ ነው። የማጠቢያ መውጫውን አፍ በእጄ ዳሰስኩ፤ አቧራ አለበት፣ ሸረሪት አድርታበታለች። ማሳው ውስጥ ገባሁ፤ መሬቱ የተሰነጠቀ ነው። ያ ሁሉ ውሃ እዚህ ቢፈስስ ኖሮ የእንድሪስ አማች ማንጎ ሳይሆን ሩዝ ነበር የሚዘራው። ደግሞ መዝገቡን ሲያሳየኝ ቫልቩ በተዘጋበት ሰዓት ሁሉ ቁጥሩ አንድ ነው፤ ሁለት ነጥብ አራት፣ ሁለት ነጥብ አራት። በኢድ ቀንም፣ ዝናብ በዘነበበት ቀንም። በበዓል የማያርፍ፣ ሲበዛም ሲያንስም የማይታይ፣ በጠብታ የሚመዝን ሌባ ማን አይቶ ያውቃል? ይህን ለማየት ዲግሪ አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

ከዚያ ጥፋቴን መናገር አለብኝ። ቫልቮቹን ልሞክር ብዬ የማስተንፈሻዋን ብሎን ቸኩዬ ፈታሁ። ሠላሳ ባር መሆኑን የማውቅ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ ስገስጽ የኖርኩ ሰው። ውሃው መነጽሬን ግድግዳ ላይ ለጠፈው፣ እኔንም ከራስ ፀጉር እስከ ካልሲ አራሰኝ። እንድሪስ ሮጦ ዘጋው። ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል አየሁት፤ ከስንት ሳምንት በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ አልተቆጣሁትም።

ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ ከድጃ ልብሴን ገፍፋ አጥር ላይ ሰጣችው፤ የእንድሪስን ሽርጥ ታጠቅኩ። አዳማ በዚህ አለባበስ ቢያዩኝ አብዷል ይሉ ነበር፤ ነገር ግን በሙቀት አገር ሱሪ የሚለብስ ሰው ነው ያበደው። የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረበች፣ የማያሰክረውን ጠላ፣ ቀሪቦም ቀዳችልኝ። ብዙ አልበሉም ብላ ሁለት ጊዜ ጨመረችብኝ።

ከበላን በኋላ ለእንድሪስ የነገው ቀላል እንደሆነ ነገርኩት። መሣሪያውን እኔ አሳያለሁ፣ አንተ ደግሞ ሲጠይቁህ ማል፣ አለቀ።

“ጋሼ፣ እኔ አልምልም” አለ።

ሰርቆ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ቀስ ብሎ ነገረኝ። ከወራት በፊት ታንከሩ ደርቆ በነበረበት አንድ ቀን ዘመድ የሌላት አሮጊት ሞተች። ለጀናዛ ማጠቢያ ውሃ ጠፋ። እንድሪስ ያለ ሰዓቱ የማጠቢያ መውጫውን ከፍቶ ሁለት ጀሪካን ቀድቶ በሟቿ በር ላይ አስቀመጠ። ለማንም አልተናገረም። የመሐላው ቃል ደግሞ “ያለ ሰዓቱ በእጄ ከፍቼ አላውቅም” የሚል ነው።

ጮኽኩበት። ሁለት ጀሪካን! ለሬሳ! የትኛው አላህ ነው በዚህ የሚይዝህ አልኩት፤ ከድጃ አስተግፊሩላህ አለች። እሱ ጫማውን እያየ፣ ቁርኣን ላይ እጅ አድርጎ ስለ ሁለት ጀሪካን እንኳ አይዋሽም አለ። በንዴት ሽርጤን እየጎተትኩ ተኛሁ።

ዓርብ

ከሶላት በኋላ መንደሩ ቫልቩ ቤት ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች ትንሽ ራቅ ብለው። የሚመሩት ሼህ ይማም ናቸው፤ የቅሬውም ዳኛ እሳቸው ናቸው። ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሣ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እንዲናገር ጠየቁ። ያየ አልነበረም። የሰማው ሁሉ የሰማው ከመሣሪያው ነው። ዮናስ ወረቀቱን አንብቦ ተቀመጠ።

እንድሪስ እንዲምል ሲጠየቅ አልምልም አለ፤ ምክንያቱን ከመናገሩ በፊት ጉርምርምታው አፈነው። አንድ ጎልማሳ በስተኋላ፣ “በቃ፣ አፉ አወጣ” አለ። ቁጭ ብድግ እያልኩ ነበር። ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ።

“እርስዎ ደግሞ ሩቅ መንገድ የመጡት ምን ሊያሳዩን ነው አባቴ?”

ሁሉንም ወደ ቆርቆሮዋ ቤት አስጠጋኋቸው። እኔ አልነካሁም። ቫልቮቹን ሼሁ በገዛ እጃቸው እንዲያዞሩ አደረግኩ። መጀመሪያ በስተ ግራ ያለውን ዘጉ፣ መካከለኛውን ከፈቱ። አሁን ሁለቱም ጆሮዎች የሚሰሙት ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ነው አልኳቸው። መለኪያው ሁለት ነጥብ አራት አለ። ሼሁ ወደ ቁጥሩ ጎንበስ አሉ።

“ሁለቱም አንድ ቀዳዳ ከሰሙ ልዩነቱ ከየት መጣ?” አሉ።

ሠላሳ አራት ዓመት ይህን ጥያቄ በትክክለኛ ቃሉ የጠየቀኝ ኢንጂነር አልነበረም። ከጭነቱ ነው አልኩ። ከዚያ በስተ ቀኝ ያለውንም ዘጉ፣ ብሎኗን፣ ዛሬስ በዝግታ፣ ከፈቱ። ግፊቱ ወጣ፣ ጭነቱ ተራገፈ። መለኪያው ዜሮ አለ። መልሰው ሲጭኑት ሁለት ነጥብ አራት፣ ሲያራግፉት ዜሮ። ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ከዚያ ሌላ ሽማግሌ ጠርተው በእሱም እጅ አስደገሙ። በስተኋላ ሆኖ የተናገረው ጎልማሳም ገባ፤ አዞረው፣ አየው፣ ወጣ።

ሼሁ ተመልሰው ተቀመጡ። ዮናስን በስሙ ጠሩት።

“ልጄ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ፤ በቁርኣን አላስምልህም። በራስህ ሃይማኖት ማልልኝ። ይህ ዕቃ እዚህ ቦታ ላይ፣ ይህ ውሃ ተጭኖት እውነት ይናገራል?”

ልጁ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ቆመ። እኔ ያን ጊዜ ልበልጠው፣ ልሰድበው የተዘጋጀ ብዙ ቃል ነበረኝ። ፊቱን ሳይ አንዱም አልወጣም።

“መማል አልችልም። የማውቀው በጠረጴዛ ላይ ያለውን ነው” አለ።

ያን ጊዜ እንድሪስ ተነሣ። የአሮጊቷን ነገር ተናገረ፤ ሁለቱን ጀሪካን፣ ቀኑን፣ በሩን። ከሴቶቹ ወገን አንዲት ወፍራም ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች ቆመች።

“እኔ ነኝ ያጠብኳት” አለች። “በር ላይ ውሃ አገኘሁ። ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። እንዲህስ ከሆነ እኔንም ጠይቁኝ።”

የጠየቃት የለም። ሼህ ይማም ሌባ የለም ብለው ፋቲሐ አስደረጉ፤ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ፊቱን አበሰ። እኔም አበስኩ።

ዮናስ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ “በመስመር ግፊት ሲፈተሽ ዜሮ አይመጣም፤ የተዘጋው ሰዓት ምዝገባ አያስከስስም” ብሎ በእጁ ጻፈና ፈረመ። ማኅተሙን ራሱ በጥሶ ጭነቱ እንዳለ ዜሮውን እንዲያስተካክል ጎኑ ቆሜ አሳየሁት። እጁ ጥሩ ነው። ያበላሸው እጁ አይደለም፤ ሣጥን የሌለው ቅጹ ነው። ያንን ቅጽ ማን እንዳዘጋጀው ግን እስካሁን እየጠየቅኩ ነው፤ የሚመልስልኝ አላገኘሁም፤ በሌላ መንደር ስንት እንድሪስ በዚያ ቅጽ እንደተከሰሰ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ቅዳሜ

ጠዋት እንድሪስ ቦርሳዬን ተሸክሞ መርሳ ሊያደርሰኝ ወጣን። ከድጃ ማንጎ አጭቃበት ስለነበር ከመጣሁበት ቀን ይልቅ ከብዷል። ቁልቁለቱን ስንጀምር ከማዶ የቅሬው ጠሪ ድምፅ ተሰማ። ከታችኛው ጎጥ ሰው ሞቶ ነበር። ጠሪው መቃብር የሚቆፍሩትን ተራኞች በስም ይጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስም ጠራ። አራተኛው እንድሪስ ነበር።

ባለበት ቆመ። ያልሰማ መስሎኝ ስምህን ጠሩህ አልኩት። ጠሪው ደገመው። እንድሪስ ቦርሳዬን መንገዱ መሐል አስቀምጦ፣ አፉ ይቅርታም ስንብትም ሳይል፣ ዶማውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሽቅብ ሮጠ። በሃምሳ ዓመቱ እንደዚያ ሲሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም።

ብቻዬን ቀረሁ። ቦርሳውን አንሥቼ እስከ አስፋልቱ ራሴ ተሸከምኩት።